ፊት የሚያውቀው በር

ተናኜ ፓፓያውን አነሳች። አሸተተች። መልሳ አስቀመጠች።

ትርጉሙ «ተከታይ የለኝም» ነው።

የካምፓላው ናካሴሮ ገበያ በረፋዱ ጢም ብሏል። ተሸካሚው ማቶኬ የሚሉትን የአረንጓዴ ሙዝ ዘለላ አዝሎ ሰው እየገፋ ያልፋል፤ ሻጯ በሉጋንዳ ትቆጣለች፤ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ደግሞ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። የከተማው ሰው ካሎሊ ይላቸዋል።

አንድ ካሎሊ ከጎኗም ቆሟል።

ይኼኛው ኮፍያ ያደረገ፣ ስድሳን የተሻገረ፣ አቮካዶ በአውራ ጣቱ እየተጫነ የሚመርጥ ሰው ነው። ሕሩይ ይባላል። ለጎረቤቶቹ ቡኮቶ የሚኖር የእርዳታ ድርጅት አማካሪ ነው። ለተናኜ ግን አለቃዋ ነው፤ ከቤቱ ጋር የሚያገናኛት ብቸኛ ገመድ። «ቤቱ» የሚሉት ደጃፉ ላይ ታፔላ የሌለውን፣ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀለኞችን የሚከታተለውን መሥሪያ ቤታቸውን ነው። የምስጢር ስሞቹን ያወጣው ሕሩይ ነበር። ለራሱ ካሎሊ፣ ለእሷ ድርጭት። ያን ቀን ተናኜ በሆዷ ሳቀችበት። ቆሻሻ ላይ መቆምን እንደ ማዕረግ የሚቆጥር ሰው አይታ አታውቅም።

«መቆጣጠሪያ ክፍሉስ?» አላት፣ ሳያያት። እንደ ወትሮው ዝንጅብል ያኝካል። ለጉሮሮዬ ነው ይላል።

«ገብቼበታለሁ።»

«ካርዱ?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው የበሩን ማኅደር ዛሬ ቀይሪው።» አንድ ከረጢት ፓሽን ፍሩት ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ከሥር ነው። መልኩ ያው፣ ውስጡ ባዶ። ይኼን ሰክተሽ እውነተኛውን ታወጫለሽ። ነገ ጠዋት ቡኮቶ ታመጪልኛለሽ።»

«እዚያው ብሰብረውስ? መዶሻ አላጣም።»

ማኘኩን አቆመ።

«ቤቱ ማየት ይፈልጋል።»

«ምን ሊያደርግለት?»

«የኔ ልጅ፣ ድርጭት ትበራለች እንጂ አትጠይቅም።»

አቮካዶውን ትቶ ሄደ። ሳይገዛ። ተናኜ የፍሬውን ሒሳብ ከፍላ ከረጢቱን አነሳች፤ ዘወር ስትል ሰውየውን አየችው።

ቢጫ ማሊያ። ባዶ እጅ። ገበያ መጥቶ ምንም የማይነካ ሰው።

ፓፓያው ዋሽቷል።

አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ራሱን ያስይዛል። በሥጋ ቤቶቹ በኩል ገባች፤ የተሰቀለ ሙክት ከኋላዋ እንዲወዛወዝ ትከሻዋን አስነካችው። በዓሣ ሻጮቹ ወጣች። ሻሿን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ወተፈች። ቢጫው ማሊያ ሙክቱን እየገፋ ብቅ ሲል እሷ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጥጣ ነበር።

«ወዴት ነው እመቤቴ?» አለ ባለ ቦዳው።

«ወደ ታች። ከዚያ ወደ ላይ።»

ባለ ቦዳው ሳቀ። ሄደ። ቢጫው ማሊያ የመንገዱ ጫፍ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰርጋ የገባችበት ኩባንያ ጠባቂ ነው ብላ አሰበች። ኩባንያው የሚቀጥራቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ከሩቅ የሚታዩ፣ ከቅርብ የማይጠቅሙ።

ኩባንያው ስታዲየም ይሸጣል። ስሙ «ሰባቱ ኮረብታ አሬና» ነው፤ ለጊዜው ያለው ስሙ ብቻ ነው። ጣሪያው እንደ አበባ ይከፈታል ተብሏል። ኮንሰርት ሲኖር ሜዳው ከነሣሩ ከመሬት በታች ይሰምጣል። በሆዱ ሆቴል፣ በጀርባው ሆስፒታል፣ በአናቱ ላይ መዋኛ ይኖረዋል። ሣሩ ራሱን ያጠጣል። ይህ ሁሉ የሚቆምበት ቦታ ከከተማው ዳር ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነው፤ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ላሞች ይግጡበታል። ግንባታው ተጀምሯል ለማለት አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳውም ዘሟል።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ናካሴሮ ኮረብታ ላይ የተከራዩት ቪላ ነው። አዳራሹ መሀል የስታዲየሙ ሞዴል ተዘርግቷል፤ በመብራት፣ በመስተዋት፣ በትናንሽ የፕላስቲክ ተመልካቾች ያሸበረቀ። ተመልካቾቹ ከውጭ የመጡ ስለሆኑ ሁሉም ፈረንጅ ነበሩ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ኢዮኤል ቡናማ ይቀቡ ብሎ አዘዘ፤ ሁለት ረድፍ ከተቀባ በኋላ ተረሳ። ተናኜ በገባች ቁጥር እነዚያን ሁለት ረድፎች ታያለች። ኩባንያውን ለመናቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ኢዮኤል «ዶክተር» በሉኝ ይላል። በምን እንደተመረቀ የጠየቀው የለም። ሱፉ ቀድሞት ይገባል፤ ሽቶው ከሄደ በኋላ ይቆያል። ተናኜን «ሔሊና» በሚል ስም የእንግዶች አስተናባሪ አድርጎ ሲቀጥራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቃት፦ «ካሜራ ትወጃለሽ?»

በዚያ ሁሉ ውሸት ውስጥ አንድ እውነተኛ ነገር ነበር። በሩ።

አዳራሹ መግቢያ ላይ የቆመ የመስተዋት መተላለፊያ ነው። ትኬት የለም፤ ፊትህ ትኬትህ ነው። ትገባለህ፣ ካሜራው ያይሃል፣ ፊትህን ከስልክህና ከሰፈርህ ጋር መዝግቦ በስምህ ይጠራሃል፣ የውስጠኛው መስተዋት ይከፈታል። የቪላው ምረቃ ቀን የካምፓላ ሐበሻ ነቅሎ መጥቶ ነበር። የአየር መንገዱ ሰው፣ የኤጀንሲው ሰው፣ ባለ ሬስቶራንቱ። ጥሬ ሥጋ በነጻ፣ ውስኪ በነጻ። ለጎረቤት እንኳ ስልካቸውን የማይሰጡ ሰዎች በተራ ተሰልፈው ፊታቸውን ለማያውቁት ማሽን ሰጡ። ሲከፈትላቸው አጨበጨቡ። ተናኜ እየሳቀች አስተናገደቻቸው፤ ልቧ ግን አዘነባቸው ለማለት እንኳ አልበቃም። ናቀቻቸው።

ከሰልፉ መጨረሻ ማኑሄን እስክታይ ድረስ።

ማኑሄ የሆሳዕና ልጅ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ እንወስዳችኋለን ብለው ብዙ ወጣቶችን ኮንቴይነር ውስጥ ሲቆልፉ አብሮ ነበር። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ከተነፈሱት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። ከመቆለፉ በፊት ደላላው በሩ ላይ ቆሞ በለሰለሰ ድምፅ «አይዟችሁ፣ ቅርብ ነው» ብሏቸዋል። ያንን ሰው ፊት ለፊት አይቶ በሕይወት የቀረው ማኑሄ ብቻ ነው። ፎቶው የትም የለም፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። የማኑሄን ቃል የተቀበሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ተናኜና ናቢርዬ የምትባል የካምፓላ ፖሊስ ኢንስፔክተር። ለቤቱ በተላከው ሁሉ እሱ «ምስክሩ» ብቻ ነው። ሕሩይ እንኳ መልኩን አያውቅም።

ተናኜ ምስክሩ ምረቃው ላይ ተገኝቶ ፊቱ እንደተመዘገበ ለሕሩይ አሳወቀች። ሕሩይም ወዲያው ትእዛዝ ሰጠ። ኩባንያው ፊቶቹን ለደላላው ሊሸጥ ነው፤ ቀድመሽ ማኅደሩን አውጪው።

አመነችው።

ከሰዓት በኋላ ኢዮኤል ለአንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ስለ መዋኛው ሲተርክ፣ ተናኜ ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን መቆጣጠሪያ ክፍል በካርድ ከፈተች። ክፍሉ ይበርዳል። የበሩ ማኅደር ጡብ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው።

ነቀለችው። ሞቋል።

ባዶውን አወጣች።

ከኋላዋ በሩ ተከፈተ።

«ሔሊና?»

ኢዮኤል ነበር። በአንድ እጇ እውነተኛው፣ በሌላው ሐሰተኛው። የሚባል ነገር የለም። ጉሮሮውን ለመያዝ ርቀቱን ለካች።

ኢዮኤል ግን አልጮኸም። በሩን ከኋላው ዘጋው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እሱ ነው የላከሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ያ ዝንጅብል የሚያኝክ ሰውዬ።»

ተናኜ እጆቿን ዝቅ አደረገች።

«ሁለቴ መጣብኝ» አለ ኢዮኤል። «ፊቶቹን ሽጥልኝ አለኝ። ሁሉንም አይደለም የምፈልገው፣ አንድ ሰው ነው፤ ደንበኛዬ ራሱ አይቶ ይለየዋል አለ። እምቢ ስለው ሳቀ። ‹እንግዲያው በነጻ እወስደዋለሁ› ብሎኝ ሄደ።»

«ለምን እምቢ አሉት?»

«ፈርቼ!» ላቡን በሐር መሐረቡ ጠረገ። «ስታዲየም እሸጣለሁ። ያልተሠራ ወንበር እሸጣለሁ። ለዚያ ቢበዛ መታሰር ነው። የሰው ፊት ግን… የገዛው ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ? እኔ ሌባ ነኝ፤ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም።»

ተናኜ በጠባቧ መስኮት ወደ መንገዱ አየች። ቢጫው ማሊያ ከማዶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ይገምጣል።

«ያ የእርስዎ ጠባቂ ነው?»

ኢዮኤል አንገቱን አሰገገ። «እሱማ የሰውዬው ሾፌር ነው።»

አለቀ።

ሁሉ ነገር ቦታውን ያዘ። ቤቱ ማየት አልፈለገም። ማየት የፈለገው ደላላው ነው። የሸጣት ደግሞ ከጎኗ ቆሞ አቮካዶ ሲጫን የነበረው አለቃዋ። «የኔ ልጅ» ሲላት የነበረው። ንዴት መጥቶ ነበር፤ ግን አልቆየም። ንቀት ገፍቶት ገባ። ንቀት ይሻላል፤ እጅ አያንቀጠቅጥም።

ሐሰተኛውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እውነተኛውን ወደ ቦታው መልሳ ሰካችው።

«መለስሽው እንዴ?» አለ ኢዮኤል።

«ወጥመድ ያለ ሥጋ ምን ይይዛል?» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ስማ። የበሩ ሁለቱም መስተዋቶች የሚቆለፉበት ቁልፍ ሞዴሉ አጠገብ ነው አይደል? ነገ ‹ተጫን› ስልህ ትጫናለህ። ሌላ ምንም አትሠራም። አትናገርም። አትተርክም።»

«አንተ አልሽኝ እኮ።»

«ዶክተር ልበልህ እንዴ?»

ኢዮኤል በሩን ከፍቶ አሳለፋት።

ለሕሩይ ከቪላው ግቢ ደወለችለት።

«ወጣ?» አለ።

«አይወጣም። ከማሽኑ ሲነቀል ራሱን ያጠፋል። መታየት ያለበት እዚያው ነው።»

ሲያኝክ ይሰማታል።

«ነገ ለባለሀብቶች ኤግዚቢሽን አለ» አለችው። «እንግዳ ሆነው ይምጡ። ቤቱ ፊት የሚለይ ባለሙያ ካለው ይዘው ይምጡ። ከበሩ ወዲያ መቆጣጠሪያውን እከፍትላችኋለሁ።»

ገመዱን ዘርግታለታለች። አንገቱን ራሱ ያግባ።

«አለ» አለ ሕሩይ። «ባለሙያ አለ። ጎበዝ ልጅ።»

ማኑሄን ያገኘችው ኪሱጉ ሰፈር ነው፤ ሽንኩርት የሚልጥበት ሬስቶራንት ጓሮ። ናቢርዬ የሠርግ ቀሚስ በሚመስል አበባ አበባ ልብስ ፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሮሌክስ የሚሉትን በእንቁላል የተጠቀለለ ቂጣ ትበላለች። ማንም ፖሊስ አይላትም። ተናኜ ሁሉንም ነገረቻቸው። የሕሩይንም ክህደት ጭምር። ናቢርዬ በዝግታ አኘከች።

«የገዛ አለቃሽ» አለች በእንግሊዝኛ። «ለእኔ ቢሆን አንድ ምሽት አልቅሼ ነበር።»

«ጊዜ የለኝም።»

«ሰውየው ቢመጣ እንኳ በምን ልይዘው?» አለች ናቢርዬ። «ፎቶ የለ፣ ስም የለ። ማኑሄ በዓይኑ አይቶ እሱ ነው ካላለ፣ የመጣው አንድ ጨዋ ነጋዴ ነው።»

ሁለቱም ወደ ማኑሄ አዩ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አይታወቅም።

«ማንም አያስገድድህም» አለችው ተናኜ። «እምቢ ብትል ዛሬውኑ ከከተማ አወጣሃለሁ።»

«ወዴት እህቴ? ከዚያ ደግሞ ወዴት?» ቢላውን አስቀመጠ። «እመጣለሁ።»

ቢላውን መልሶ እያነሳ፣ «ስታዲየሙ ግን ይሠራል?» አላት።

«አይሠራም። ውሸት ነው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር።» ፈገግ አለ። «በሩ ግን ደስ ይላል። የኮንቴይነሩ በር ከተቆለፈብኝ ወዲህ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ። ፊቴን አይቶ የተከፈተልኝ እሱ ብቻ ነው።»

ተናኜ ሰልፉ ላይ የናቀቻቸውን ሰዎች አስታወሰች። ማኑሄን ከእነሱ ጋር ደምራ እንዳልናቀችው እርግጠኛ መሆን ፈለገች። አልሆነላትም።

በማግስቱ ቪላው ሞላ። ጥሬ ሥጋው ተሰቅሏል፤ ባለ መጥረቢያው ነጭ ኮፍያ አድርጓል። ከአስተናጋጆቹ ግማሾቹ የናቢርዬ ፖሊሶች ናቸው፤ ትሪ አያያዛቸው ያስታውቃል፤ ግን እንግዳው የሚያየው ትሪውን እንጂ እጁን አይደለም። ናቢርዬና ማኑሄ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። ኢዮኤል ሞዴሉ አጠገብ ቆሟል። እንደታዘዘው አይናገርም። ዝምታው አስከብሮት ነበር።

ሕሩይ መጣ።

አብሮት ያለው ሰው ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ጸጉሩ የተከረከመ፣ እጁ ለስላሳ። «አቶ የሺዋስ፤ ከናይሮቢ» ብሎ ሕሩይ ለእንግዶቹ አስተዋወቀው። ባለሀብት መሆኑ ሲነገር የተቀመጡት ተነሡ። ማን እንደሆነ፣ በምን እንደከበረ አንድም ሰው አልጠየቀም። አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችለት። ተናኜ ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች።

«በዚህ በኩል። እንግዳ ሁሉ በበሩ ነው የሚያልፈው።»

የሺዋስ ካሜራውን አየና ቆመ።

«በሌላ በኩል አይቻልም?»

«የሚቻል ከሆነማ በሩ ምን ይሠራል?» አለች ጮክ ብላ። እንግዶቹ ሳቁ። አዳራሹ በሙሉ እሱን ያያል። ሕሩይ ዝንጅብሉን በጉንጩ አዛወረ፤ «ግድ የለም፤ በኋላ እናጠፋዋለን» አለው በጆሮው።

የሺዋስ ወደ ሰዎቹ ዞሮ እጁን አነሳ። «አይዟችሁ» አለ በዚያ በለሰለሰ ድምፅ፤ «ፎቶ ስለማልወድ ነው።»

ገባ። ሕሩይ ተከተለው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ካሜራው ጠቅ አለ።

ተናኜ ስልኳን አየች። ምልክቱ ከናቢርዬ ስልክ ይመጣል ተባብለው ነበር። የመጣው ግን ከስልክ አይደለም። እንግዳ «እንኳን ደህና መጡ» የሚባልበት የድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸ። የማኑሄ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«እሱ ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«እሱ ነው። የቆለፈብን እሱ ነው።»

«ተጫን!» አለች ተናኜ።

ኢዮኤል ደርቋል።

«ተጫን አንተ ፈሪ!»

ተጫነ። ሁለቱ መስተዋቶች ግጥም አሉ። የሺዋስ በትከሻው መታቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። ሕሩይ ከውስጥ ሆኖ ዓይኗን ፈለገ። ድምፁ አይሰማም። ከንፈሩን ግን አነበበችው። ድርጭት፣ ድርጭት ይላል። ጀርባዋን ሰጠችው።

ስህተቷ ይህ ሆነ።

ቢጫው ማሊያ በኩሽናው በኩል ገብቶ ነበር። ዛሬ በላዩ ጃኬት ደርቧል። ሽጉጡ የኢዮኤል ደረት ላይ ነው።

«ክፈት።»

ፖሊሶቹ ትሪ እየጣሉ ነው፤ ሩቅ ናቸው። እንግዶቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተዋል። ተናኜ ኢዮኤልን አየችው። ይከፍታል። በዚህ አልተጠራጠረችም። ሰውየውን ታውቀዋለች፤ ጥላውን የሚፈራ ወሬኛ። በሐሳቧ የሺዋስ ሲያመልጥ፣ ማኑሄ እንደገና ሲሸሽ ታያት።

የኢዮኤል እጅ ቁልፉ ላይ ነው። አንዴ እሷን አየ። አንዴ ድምፅ ማጉያውን አየ።

«አልከፍትም» አለ።

እንደዚያ ብሎ በመናገሩ ራሱም የደነገጠ ይመስላል። ቁልፉን ከሥሩ መንጭቆ ሽቦውን በጠሰው።

ጥይቱ አንድ ነበር።

ኢዮኤል ሞዴሉ ላይ ወደቀ። እንደ አበባ ይከፈታል የተባለው ጣሪያ ተጨራመተ፤ ትናንሾቹ ተመልካቾች፣ የተቀቡትም ያልተቀቡትም፣ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ፖሊሶቹ ቢጫውን ማሊያ መሬት ላይ ሲደፉት ተናኜ ተንበርክካ የኢዮኤልን ቁስል በመሐረቡ ተጭና ይዛ ነበር። ሐር ደም አይዝም።

«በደንብ… ተጫንኩት?» አላት።

«በደንብ ተጫንከው ዶክተር» አለችው።

የሰማት አይመስላትም።

ናቢርዬ መስተዋቱን አስፈልጣ ሁለቱን ሰዎች በካቴና ስታወጣ፣ ተናኜ መቆጣጠሪያው ክፍል ገብታ ጥቁሩን ሣጥን ነቀለች። ከጥሬ ሥጋው ጠረጴዛ ላይ መጥረቢያውን አነሳች። ሣጥኑን ሥጋ መክተፊያው እንጨት ላይ አስቀምጣ ሰባብራ አደቀቀችው። ናቢርዬ አየቻት። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

«እኔ ያየሁት ሥጋ ሲቆረጥ ነው» አለች።

የቀረው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ማኑሄ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጋረጃ ይደረግልህ ቢሉት እምቢ አለ፤ ፊቱን ገልጦ መሰከረ። ሕሩይ መጀመሪያ የታመመ መሰለ፣ ቀጥሎ ያበደ መሰለ፣ በመጨረሻ የሺዋስን አሳልፎ ሰጥቶ ራሱን ለማዳን ተናገረ፤ ማንንም ሳይሸጥ መዋል የማይችል ሰው ነው። ካምፓላ ያለው ሐበሻ ደግሞ ኢዮኤል ያቀረበውን ሥጋ የበላበት አፉ ሳይደርቅ «እኛማ ገና ሲመጣ አውቀነው ነበር፤ አጭበርባሪ» ይል ጀመር። በተኩሱ ጊዜ ጠረጴዛ ሥር የነበሩት ሽጉጡን ልንነጥቅ ትንሽ ቀርቶን ነበር አሉ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ከተኩሱ በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በአዲስ ሰው፣ በአዲስ ስልክ ደወለላት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ ድምፁ። «ጉዳት?»

«አንድ ሰው ሞቷል።»

«የእኛ ሰው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ጉዳት የለም።» የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ተሰማት። «ሔሊና የሚለው ስም ከዛሬ ጀምሮ የለም። ዛሬ ማታ ትበሪያለሽ። ኩባንያውን ከሚያውቅ ማንም ጋር እንዳትነጋገሪ። በተለይ ከሟች ቤተሰብ ጋር።»

«እሺ» አለች። ዘጋችው። ስልኩን እንደ ቆሸሸ ነገር በሁለት ጣቷ ይዛ አስቀመጠችው።

ኤርፖርቱ ኤንቴቤ ነው፤ ሐይቁ ዳር። ከሰዓት በኋላ ቀድማ ደረሰች። በዕቃ ማስተላለፊያው በኩል አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ብቻቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፋንቱ ይባላሉ፤ የኢዮኤል ታላቅ እህት፣ አስከሬኑን ሊወስዱ ከአዲስ አበባ የመጡ። ሊሸኛቸው የመጣ አንድ ሰው የለም። ያ ሁሉ ተሰልፎ የበላ ሰው።

ማለፍ ነበረባት። አላለፈችም።

«ነፍስ ይማር» አለች።

ፋንቱ ቀና አሉ። «ታውቂዋለሽ?»

«አብሬው ሠርቻለሁ።»

ሴትየዋ የመቀመጫውን ጥግ ለቀቁላት። ከዚያ በቀስታ፣ «እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ሌባ ነበር የሚሉት እውነት ነው?»

ውሸት ሥራዋ ነው። አንድ ደግ ውሸት መናገር አያቅታትም ነበር።

«እውነት ነው» አለች። «ስታዲየም የሚባል ነገር የለም። ያወራው ሁሉ ፈጠራ ነው።»

ፋንቱ አንገታቸውን ደፉ። ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር።

«ግን በመጨረሻ ሽጉጥ ደግነውበት በሩን ክፈት አሉት» አለች ተናኜ። «አልከፍትም አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ይከፍታል ብዬ ነበር። ከፍቶላቸው ቢሆን እሱ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር፤ ሌላ ሰው ይሞት ነበር።»

«ማን?»

«ስሙን ልነግርዎት አልችልም።»

«ያንቺንስ?»

ተናኜ ራሷን ነቀነቀች። የሴትየዋን እጅ ጎንበስ ብላ ሳመች፤ ሻንጣዋን ጎትታ ሄደች። መግቢያው ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ከረጢት የተሸከሙ ነጋዴዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች። መሀላቸው ገባች።

«እህቴ!» የሚል የፋንቱ ጥሪ ከኋላዋ ተሰማ። «አንቺ እህቴ!»

ብዙ ሴቶች ዞሩ።

እሷ አልዞረችም።